ይፋግ ሳይዘንብ ጎርፍ ሲመጣ፦ ክረምቱ ሳይጠነክር ለቤተሰባችሁ ማድረግ ያለባችሁ

 

የዛሬው ጽሑፍ በተለይ ባሕር ዳር፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሆናችሁ እናት አባታችሁ፣ አያታችሁ ወይም ወንድም እህታችሁ ይፋግ፣ ወረታና አዲስ ዘመን ዙሪያ ላሉ ሁሉ ነው። በየክረምቱ በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ ቤታችን ውሃ ገብቶበታል፤ ለእናቴ ምን መድኃኒት ልላክላት?»

ጥያቄው ከልብ የመጣ ነው። ግን ረፍዷል። ውሃ መንገዱን ከቆረጠ በኋላ መድኃኒት መላክ ከባድ ነው፤ ስልኩም ቻርጅ ጨርሶ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ነገር ላስረዳችሁ። አንደኛ፣ ማስጠንቀቂያው ከውሃው መቅደም አለበት። ሁለተኛ፣ እኛ ሐኪሞች ከጎርፍ ጋር ተያይዞ የምናየው ሕመም አብዛኛው ውሃው በመጣበት ቀን አይመጣም፤ ውሃው ሲቆምና ሲሸሽ ነው የሚመጣው። ይህን ያወቀ ሰው ለመዘጋጀት ጊዜ አለው።

ጎርፉ ለምን ይመጣል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ አካባቢ ይነሳሉ። ጉና ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። የጣና ሐይቅ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ውሃው ይህን ሁሉ ከፍታ በአጭር ርቀት ይወርድና የፎገራ ሜዳ ላይ ሲደርስ መሬቱ ጠፍጣፋ ይሆንበታል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ያመጣውን ደለል እዚያው ይጥላል፣ ወንዙ ከዓመት ዓመት ይሞላል፣ ከዚያ ከዳርና ዳሩ ይወጣል።

በዚያ ላይ ጣና ራሱ በክረምቱ መጨረሻ ይሞላል። ግልገል አባይ፣ መገጭ፣ ርብና ጉማራ ሁሉም ወደ እሱ ይገባሉ፤ በተፈጥሮ ከሱ የሚወጣው ወንዝ ግን አባይ ብቻ ነው። ሐይቁ ሲሞላ የወንዞቹ ውሃ መሄጃ ያጣና ሜዳው ላይ ይተኛል። ነሐሴ ላይ ውሃው ቀናት ሙሉ ሳይሸሽ የሚቆየው ለዚህ ነው።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ይፋግ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ዝናቡ የጣለው ላይ፣ ደብረ ታቦርና እብናት በኩል ነውና። እናታችሁ ደጃፍ ላይ ቆመው ሰማይ አይተው «ዛሬ ደህና ነው» ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ ግን ያዩት የይፋግን ሰማይ ብቻ ነው።

«አሁንማ ርብ ተገድቧል አይደል እንዴ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አዎ፣ ግድቡ ከላይ የሚመጣውን ውሃ ይይዛል፤ ያግዛልም። ነገር ግን ማንኛውም ግድብ ከሱ በታች ወደ ወንዙ የሚገቡትን ገባሮች አይዝም፤ የሐይቁን መሙላትም አይከለክልም። ግድብ አለ ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ከዚህ በፊት የሆነውን እናስታውስ

በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደንቢያ ወረዳዎች ጎርፉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። ያ ክረምት ለሀገራችን ክፉ ነበር። ሐምሌ 30 ለሊት ድሬዳዋ ላይ የደረሰው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገደለ፤ ብዙዎቹ ተኝተው ነው የወሰዳቸው። ከቀናት በኋላ ደግሞ ደቡብ ኦሞ ላይ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰው አለቀ።

በቅርቡ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ የደረሰውን የመሬት መንሸራተትም አንረሳውም። ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ሁለተኛው ናዳ እነሱን ያዘ።

ይህ የድሃ ሀገር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ያሉትን ሁለት ከተሞች እንውሰድ። ሊቢያ ውስጥ ደርና የምትባል ከተማ አለች። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜ መጨረሻ፣ እኛ ለእንቁጣጣሽ ስንዘጋጅ፣ ከከተማዋ በላይ ያሉት ሁለት ግድቦች በለሊት ተደረመሱና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። ስፔን ሀብታም ሀገር ናት፣ ራዳርም ሳተላይትም አላት። ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ግን በቫሌንሲያ ዙሪያ ከ200 በላይ ሰው በጎርፍ ሞተ። በየሰው ስልክ ላይ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ የተላከው ከምሽቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት ብዙ ቦታ ውሃው ቤት ገብቶ ነበር። መኪናቸውን ለማውጣት ወደ ምድር ቤት ጋራዥ ወርደው እዚያው የቀሩም ነበሩ።

አስተውሉ! እዚያ መኪና፣ እዚህ በሬና ላም ነው። ሰው ንብረቱን ሊያተርፍ ተመልሶ ይገባና ይቀራል። ትምህርቱ አንድ ነው፦ ትንበያ ብቻውን ሰው አያድንም። ወሬው በጊዜ ጆሮ መድረስ አለበት፤ የሰማው ሰው ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ቀድሞ ማወቅ አለበት።

የስልክ ሰንሰለት፦ ወጪ የሌለው መከላከያ

እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። ሦስት ሰው ይበቃል።

1. ላይ ያለ ሰው። ደብረ ታቦር፣ ፋርጣ ወይም እብናት በኩል የሚኖር ዘመድ፣ የሥራ ባልደረባ ወይም የድሮ የክፍል ጓደኛ። «ከባድ ዝናብ ሲጥል ወይም ወንዙ ሲሞላ፣ ለሊትም ቢሆን ደውልልኝ» በሉት።

2. እናንተ። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትን ትንበያ በየጊዜው ታያላችሁ፣ ከላይ የመጣውን ወሬ ወዲያው ወደ ታች ታደርሳላችሁ።

3. ታች ያለ ሰው። ቤተሰባችሁ፤ በተጨማሪም ስልኩ ሁልጊዜ ቻርጅ ያለው አንድ ጎረቤት። እማማ ስልካቸውን ሲተኙ የሚያጠፉ ከሆነ የጎረቤቱ ቁጥር የግድ ነው።

ስትደውሉ «ጠንቀቅ በሉ» ብቻ አትበሉ። ጠንቀቅ ማለት ለሰው ምንም አይነግረውም። እንዲህ በሉ፦ «እማዬ፣ እብናት በኩል ከቀትር ጀምሮ ከባድ ዝናብ ጥሏል። ዛሬ ማታ እዚያ እንዳታድሩ። ልጆቹንና ከብቶቹን ይዛችሁ አሁኑኑ፣ ሳይመሽ፣ ወደ እነ አጎቴ ቤት ውጡ።» ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚሆን፣ ወዴት እንደሚሄዱ፤ ሦስቱም አለ።

ኔትወርክ ቢጠፋስ? ለዚህ ነው ነገሩን ከጎረቤትና ከቀበሌው ጋር ቀድሞ መነጋገር የሚያስፈልገው። የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ የመስጊድ ድምፅ ማጉያ፣ ጥሩንባም ቢሆን ሰው ያነቃል። «ይህን ድምፅ በለሊት ከሰማን ወደ እዚህ ከፍታ እንወጣለን» ተብሎ በሰኔ መስማማት ነው ቁምነገሩ። ሕዝቡማ ከጎርፉ ጋር መኖርን ያውቅበታል፤ ውሃ የሚተኛበትን መሬት ሩዝ የዘራበት ለዚህ አይደል? ቦይ መጥረግ፣ የወንዝ ዳር በአፈር ከረጢት መከተር፣ እህሉን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ይህ ሁሉ አለ። እኔ የምጨምረው የጤናውን በኩል ነው።

ውሃው ሲመጣ

የሚፈስ ውሃ ያታልላል። 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ ማለትም ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ የሚል፣ በፍጥነት የሚፈስ ውሃ አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ስለዚህ ከወረታ ወደ ጎንደር የምትሄዱ ሾፌሮችና ባጃጅ ነጂዎች፣ መንገዱ በውሃ ከተሸፈነ ቁሙ። ከሥሩ አስፋልቱ ይኑር አይኑር አታውቁም።

ሰው ሲወሰድ ካያችሁ ዘላችሁ አትግቡ። ገመድ፣ ረጅም እንጨት፣ ባዶ ጄሪካን ክዳኑን ዘግታችሁ ወርውሩለት። አየር ያለው ጄሪካን ሰው ያንሳፍፋል። ታንኳ የሚያውቅ ሰው ካለ እሱን ጥሩ።

እባብም ከጉድጓዱ ሲባረር ደረቅ ቦታ ፍለጋ ቤት ይገባል። ከነደፈ አትቁረጡ፣ አትምጠጡ፣ አጥብቃችሁም አትሠሩ። የተነደፈውን እግር ወይም እጅ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ደግፋችሁ፣ ቀለበትና አምባር አውልቃችሁ፣ ሰውየውን ሳታስሮጡ ተሸክማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ጠላታችን ተቅማጥ ነው

ጎርፍ ሽንት ቤቱንም፣ የከብት በረቱንም፣ ሜዳውንም አጥቦ ጉድጓድና ምንጭ ውስጥ ይከታል። ቤቱን የከበበው ውሃ ብዙ ነው፤ የሚጠጣው ግን የለም። አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) የሚነሳው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። በ1998 ዓ.ም. ጎርፉ በደረሰበት ዓመትም አተት በሀገሪቱ ብዙ ቦታ ተሰራጭቶ እንደነበር እናስታውሳለን።

አተት ካልታከመ አዋቂ ሰውን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ምልክቱ የሩዝ እጣቢ የመሰለ፣ ብዙና ተደጋጋሚ ተቅማጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቁርጠትም ትኩሳትም የለውም። ለዚህ ነው ሰው የሚንቀው። የሚገድለው የፈሳሹ መውጣት ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱ የወጣውን መተካት ነው።

▪ የሚጠጣ ውሃ፦ ድፍርስ ከሆነ በንጹሕ ነጠላ አጥሉት። ከዚያ አንተክትኩና ለ3 ደቂቃ አፍሉት፤ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለውን የውሃ ማከሚያ ዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም።

▪ ኦ.አር.ኤስ.፦ አንዱን ከረጢት ሙሉውን በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉ። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ማንኪያው ልሙጥ ይሁን፣ አይከመር። ጨው ካበዛችሁ ይጎዳል።

▪ ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ አንድ የቡና ስኒ ገደማ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡት። ካስታወከው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ጀምሩ። ጡት አይቋረጥ! «ጡቱ ነው ተቅማጥ ያመጣበት» የሚባለው ስህተት ነው። ዚንክ ከጤና ባለሙያ ተቀብላችሁ ተቅማጡ ቢቆምም የታዘዘላችሁን ቀን ጨርሱ።

▪ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንት ካቆመ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ፣ ወይም ደም ካየችሁ እቤት አትቆዩ። ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱም መንገድ ላይ ኦ.አር.ኤሱን እያጠጣችሁ ሂዱ።

▪ ጎርፍ የነካው የበሰለ ምግብ ይጣል። የረጠበ እህል ሳይውል ሳያድር ይሰጣ፤ የሻገተውን ሰውም ከብትም አይብላው።

ከወር በኋላ፦ ወባ

ጎርፉ ሸሸ፣ ሰው ቤቱን ጠራርጎ ገባ፣ ሁሉም «ተመስገን አለፈ» ይላል። ሒሳቡ ግን ገና ነው። ውሃው ሲሸሽ ኩሬ፣ የከብት ኮቴ ጉድጓድ፣ የተዘጋ ቦይ ይተዋል። የወባ ትንኝ እዚያ ትፈለፈላለች፤ ከእንቁላል እስከ ትንኝ 10 ቀን ገደማ። የታመመ ሰው ከነከሰች ተሕዋሲው ሆዷ ውስጥ እስኪደርስ ሌላ 10 ቀን ገደማ። ሰው ነክሳ ሰውየው እስኪታመም አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ። ደምሩት፤ ወር ገደማ ይሆናል። የነሐሴ ጎርፍ የመስከረምና የጥቅምት ወባ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ጥቅሙ ግን ምንድን ነው? የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ አላችሁ። በዚያ ወር ቤት ዙሪያ ያለውን ውሃ አፋስሱ፣ ድፈኑ። አጎበሩን ጎርፉ ከወሰደው ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጠይቁ ወይም እናንተ ከከተማ ላኩ። አጎበር ለዓሣ ማጥመጃም ለጤፍ መሸፈኛም አይደለም፤ በተለይ ነፍሰ ጡርና ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ሳይገቡበት አይደሩ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ከመጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ምርመራ። ከጎረቤት የተረፈ ክኒን እየወሰዱ መጠበቅ አይሆንም።

ለአካባቢያችን ሰው አንድ ነገር ልጨምር፣ ምንም እንኳ ከጎርፍ ጋር በቀጥታ ባይያያዝ። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የተረጋገጠው የካላ አዛር ወረርሽኝ መጀመሪያ ላይ ወባ መስሎ ነበር፤ ብዙ ሰው ሞቶበታል። ስለዚህ ትኩሳቱ ከ2 ሳምንት ካለፈ፣ የወባ መድኃኒት ወስዶ ካልተሻለው፣ ከከሳና በግራ ጎኑ ሆዱ ካበጠ «ካላ አዛር ይታይልኝ» ብላችሁ ጠይቁ። መድኃኒት አለው።

በመጠለያ ሰው ሲጠባበቅ ደግሞ በቅማል የሚተላለፉት ግርሻና ታይፈስ አሉ። ልብስና ብርድ ልብስ በፈላ ውሃ ማጠብ ትልቅ መከላከያ ነው።

በሰኔ የሚዘጋጅ ከረጢት

አንድ ውሃ የማያስገባ ማዳበሪያ ወይም ክዳን ያለው ባልዲ ይበቃል። ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ የት እንዳለ ልጆቹም ይወቁ።

1. የዘወትር መድኃኒት ቢያንስ የ2 ሳምንት፦ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የኤች አይ ቪ፣ የቲቢ። በጎርፍ ጊዜ ከሚረሳው ሁሉ አደገኛው ይህ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ሊጠና ይችላል፤ ያ ደግሞ ውሃ አጠገብ ከሆነ አስቡት። መንገዱ ሳይዘጋ ሐኪማችሁን «ክረምት ስለሆነ ጨምሩልኝ» በሉ። ኢንሱሊን ማቀዝቀዣ ከሌለ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ውሃ ሳይነካው፣ በእርጥብ ሸክላ ማሰሮ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ።
2. ኦ.አር.ኤስ. 6 ከረጢት፣ የውሃ ማከሚያ፣ ሳሙና።
3. ንጹሕ ጄሪካን ከነክዳኑ።
4. በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፤ እሳት የማይፈልግ ምግብ።
5. ባትሪ ወይም የፀሐይ መብራት፣ የስልክ ቻርጀር።
6. የሕክምና ካርድ፣ የሕፃናት ክትባት ካርድ፣ መታወቂያ፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ። እናንተ ደግሞ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ያዙት።
7. የንጽሕና መጠበቂያ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የቁስል ማሸጊያ። ጎርፍ ውስጥ ቆርቆሮ ወይም ሚስማር የወጋው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ አጥቦ ለቴታነስ (መንጋጋ ቆልፍ) ክትባት ይሂድ።

ነፍሰ ጡር ካለች ከረጢት አይበቃም። የመውለጃ ቀኗ ከሐምሌ እስከ መስከረም ከሆነ፣ ሜዳው ሳይሞላ ወደ ጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ ትሂድ ወይም እናንተ ዘንድ ትምጣ። ምጥ ጎርፍ እስኪሸሽ አይጠብቅም።

ቁጥሮች፦ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ መስመር 8335። በእናንተ አካባቢ የሚሠራውን የጤና ጣቢያና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቁጥር ግን አሁን ጠይቃችሁ ስልካችሁ ላይም የቤት ግድግዳ ላይም ጻፉት።

እሺ፣ ይህ ሁሉ በዛ? እንግዲያው ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ቤት ደውሉና ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ «ውሃ ቢመጣ ወዴት ትወጣላችሁ? የአባዬ መድኃኒት ለስንት ቀን አለ? እናንተ ስልክ ባታነሱ ለማን ልደውል?» መልስ የጠፋለት ጥያቄ ካለ፣ የነገ ሥራችሁ እሱ ነው።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ወገን ያለው ወገን ሁሉ እንዲያነበው ሼር አድርጉት፤ በተለይ ደብረ ታቦርና እብናት ላሉት አድርሱልኝ፣ ሰንሰለቱ የሚጀምረው ከነሱ ነውና። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ።

ክረምቱን በሰላም ያሳልፈን። ጤና ይብዛላችሁ!